ወደ ታች የሚወርድ ፈንክሽን እንዴት ወደ ጎን ያትማል?

ጥያቄ፦ «ፕሮግራሚንግ በራሴ እየተማርኩ ነው። የባይነሪ ዛፍን (እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም ዋጋ የያዘ ነጥብ፣ ቢበዛ ግራና ቀኝ ሁለት ልጆች ያሉት መዋቅር) ኖዶች ደረጃ በደረጃ የሚያትም ኮድ አጋጠመኝ። ወረፋ አይጠቀምም፤ ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን፣ ማለትም በሪከርሽን ነው የሚሠራው። ሳሠራው ትክክለኛውን ውጤት ይሰጣል፤ እኔ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሪከርሽን ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ታዲያ እንዴት ወደ ጎን ያትማል? ‹ደረጃው 1 ከሆነ አትም› ይላል፤ ደረጃ 1 ላይ ያለው ሥሩ (ከሁሉም በላይ ያለው ኖድ) ብቻ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ግራውን ሲጠራ ከደረጃው 1 ከቀነሰ፣ ቀኙን ሲጠራ እንደገና 1 ሲቀንስ ቀኙ በ2 ዝቅ አይልም ወይ?»

ምላሽ፦ ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ ሦስቱም የሚነሡት ግን ከአንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ፈንክሽኑ ዛፉን ደረጃ በደረጃ የሚዞር መስሎዎታል። አይዞርም። ይህ ፈንክሽን ስለ ደረጃዎች ቅደም ተከተል የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ሥራው አንድ ነው፤ ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ተባለው ደረጃ መውረድ፣ እዚያ ያገኘውን ማተም፣ መመለስ። በየተራው «አሁን 1ኛውን፣ አሁን 2ኛውን፣ አሁን 3ኛውን» እያለ የሚያዘው ከውጭ ያለ ተራ ሉፕ (የድግግሞሽ ትእዛዝ) ነው። ወደ ጎን የሚያትም ሪከርሽን የለም፤ በየዙሩ ከሥሩ እንደ አዲስ እየወረደ አንዲት ደረጃ ብቻ የሚያትም ሪከርሽን ነው ያለው።

ኮዱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይለያይ እንጂ አጽሙ ይህ ነው፦

ደረጃ_አትም (ኖድ፣ ደረጃ)
  ኖዱ ባዶ ከሆነ፦ ተመለስ
  ደረጃ 1 ከሆነ፦ የኖዱን ዋጋ አትም
  ካልሆነ፦
    ደረጃ_አትም (የኖዱ ግራ፣ ደረጃ − 1)
    ደረጃ_አትም (የኖዱ ቀኝ፣ ደረጃ − 1)

ሁሉንም_አትም (ሥር)
  ከ1 እስከ የዛፉ ቁመት ላለው ለእያንዳንዱ ቁጥር፦
    ደረጃ_አትም (ሥር፣ ቁጥሩ)

መልመጃ እንዲሆነን አንድ ዛፍ እንትከል። ሥሩ 50 ነው። ግራ ልጁ 30፣ ቀኝ ልጁ 80። 30 በግራ 20ን፣ በቀኝ 40ን ወልዷል። 80 በግራ ባዶ ነው፣ በቀኙ 90 አለ። 40 ደግሞ በግራው 35 አለው። 7 ኖድ፣ 4 ደረጃ። መታተም ያለበት ቅደም ተከተል 50፣ ከዚያ 30 እና 80፣ ከዚያ 20፣ 40፣ 90፣ በመጨረሻ 35 ነው። ሆን ብዬ ጎደሎ ዛፍ ነው የመረጥኩት፤ ሁለቱም ወገን እኩል የሆነ ዛፍ ላይ ብዙ ስሕተት ተሸፍኖ ያልፋል።

«ደረጃ 1 ሥሩ ብቻ አይደለም ወይ» ለሚለው ጥያቄዎ ተጠያቂው ስያሜው ነው። ፓራሜትሩን (ፈንክሽኑ ሲጠራ የሚቀበለውን ቁጥር) «ደረጃ» ብሎ የሰየመው ሰው ነው ያሳሳተዎት። ያ ቁጥር ኖዱ በዛፉ ውስጥ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ አይናገርም። አሁን ያለንበትን ኖድ 1 ብለን ብንቆጥር፣ የምንፈልገው ደረጃ ስንተኛው ላይ እንደሚውል ነው የሚናገረው። አያት፣ አባትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። አያትየው «የልጅ ልጄ» የሚሉትን ልጅ፣ አባትየው «ልጄ» ይለዋል፣ ልጁ ራሱ ደግሞ «እኔ» ይላል። ልጁ አንድ ነው፤ የተለያየው ተናጋሪው ያለበት ቦታ ነው። ከ50 ላይ ሆኖ ሲታይ 20 ያለበት ደረጃ 3ኛ ነው፤ ከ30 ላይ ሲታይ 2ኛ ነው፤ 20 ላይ ሲደረስ 1ኛ ነው፣ ማለትም «እኔ»። ስለዚህ «ደረጃ 1 ከሆነ አትም» ማለት «ሥሩ ከሆንክ አትም» ማለት አይደለም፤ «ስንፈልግ የነበረው ቦታ እዚሁ ነው፣ አትም» ማለት ነው። እኔ ብሆን ፓራሜትሩን «ቀሪ» ብዬ እሰይመው ነበር። ኮዱን ከፍተው ይህን ስም ብቻ ቀይረው ያንብቡት፤ ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ይለቃል።

ወደ ሦስተኛው እንለፍ። «ደረጃ − 1» ስሌት ነው፤ ቫሪያብሉን አይነካውም። ደረጃ 3 ከሆነ፣ ግራውን ሲጠራ 3 − 1 አስልቶ 2ን ይልካል፤ ደረጃ ግን አሁንም 3 ነው። የግራው ሥራ ሁሉ አልቆ፣ የቀኙ ተራ ሲደርስ እንደገና 3 − 1 ይሰላል፤ አሁንም 2 ነው። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ ቅጂ ስላለው ነው። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ስታክ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚደራረቡበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ አንድ ፍሬም ይጨመራል፤ በፍሬሙ ውስጥ የዚያ ጥሪ ኖድ፣ የዚያ ጥሪ ደረጃ፣ እና ሲመለስ ከየትኛው መስመር እንደሚቀጥል ተመዝግቦ ይቀመጣል። ወደ ታች ሲወረድ የተጠሩት ጥሪዎች የራሳቸውን ቁጥር ቢያገላብጡትም ከላይ ያለው አይነካም።

ይሁንና የፈሩት ነገር በእውነት የሚደርስበት መንገድ አለ። በሲ ወይም በጃቫ፣ አንድ ቀንስ የሚለውን ድርብ የመቀነስ ምልክት (--) ከቫሪያብሉ ፊት አድርገው በሁለቱም ጥሪዎች ውስጥ ቢጽፉ፣ ያ ስሌት ብቻ አይደለም፤ ቫሪያብሉን ራሱን ይለውጠዋል። ከ2 ቢነሣ ግራው 1 ይደርሰዋል፣ ቀኙ 0 ይደርሰዋል። 30 ይታተማል፣ 80 ይጠፋል። ምልክቱን ከቫሪያብሉ ኋላ ቢያደርጉት ደግሞ ግራው ሳይቀነስለት ይሄዳል፣ ቀኙ ብቻ ይቀነስለታል። ፓይተን ላይ የባሰ ዝምታ አለ። እዚያ ይህ ምልክት ጨርሶ የለም፤ ከፊት ሲጻፍ ቋንቋው «የአሉታ አሉታ» ብሎ አንብቦ ቁጥሩን እንዳለ ይልካል። ስሕተት አይልዎትም፤ ሥሩን ያትምና ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ስለዚህ 1 ይቀንሱ፤ ቫሪያብሉን ግን አይቀይሩ።

አሁን 3ኛውን ደረጃ እየወረድን እንይ። ሉፑ «ሥሩን ያዝ፣ ደረጃ 3» ብሎ ይጠራል። 50 ላይ 3 ነው፤ 1 አይደለም፣ ስለዚህ ምንም ሳይታተም 30ን በ2 ይጠራል። እዚህ ላይ የ50 ጥሪ አላለቀም፤ የግራው መስመር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። 30 ላይ 2 ነው፤ 20ን በ1 ይጠራል። 20 ላይ 1 ነው፤ ይታተማል። 20 ልጆች ቢኖሩት እንኳ አይወረድባቸውም፣ ምክንያቱም «ካልሆነ» የሚለው ክፍል ተዘልሏል። የ20 ጥሪ አበቃ፤ ፍሬሙ ከስታኩ ላይ ተነሣ። ቁጥጥሩ ወደ ማን ይመለሳል? ወደ ሉፑ አይደለም፣ ወደ 50ም አይደለም፤ ወደ ጠራው ወደ 30 ነው፣ ያውም ካቆመበት መስመር ቀጥሎ ወዳለው። ቀጣዩ መስመር ቀኙን መጥራት ነው፤ 40 በ1 ይጠራል፣ ይታተማል። ከ40 ሥር ያለው 35 በዚህ ዙር አይታይም። አሁን 30 ሁለቱንም ስለጨረሰ ወደ 50 ይመለሳል። 50 እስካሁን ግራው መስመር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር፤ አሁን 80ን በ2 ይጠራል። 80 መጀመሪያ ግራውን ይጠራል፤ ባዶ ስለሆነ ወዲያው ይመለሳል። ቀጥሎ 90 በ1 ተጠርቶ ይታተማል። ሁሉም ይመለሳል፤ ዙሩ አለቀ። 7 ጥሪ፣ 3 የታተመ ቁጥር፣ በአንድ ጊዜ ስታኩ ላይ ቢበዛ 3 ፍሬም።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው «ተመለስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ባዶ ኖድ ሲያጋጥም «ተመለስ» ሲባል ሪከርሽኑ በሙሉ የሚቆም ይመስላቸዋል። የሚቆመው ያቺ አንዲት ጥሪ ናት፤ ጠሪዋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከላይ 80 ግራው ባዶ መሆኑ ቀኙን ከመጥራት እንዳላገደው ልብ ይበሉ።

ከግራ ወደ ቀኝ መታተሙስ? ይህም የሉፑ ሥራ ሳይሆን የሁለቱ መስመሮች ተራ ነው። አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ማናቸውንም ሁለት ኖዶች ይውሰዱ፤ ወደ ላይ ሲወጡ የሚገናኙበት አንድ ቅድመ አያት አላቸው። አንዱ በዚያ አያት ግራ ወገን፣ ሌላው በቀኝ ወገን ነው። ፈንክሽኑ ግራውን ወገን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ ቀኙን ስለማይነካ፣ ግራው ምንጊዜም ይቀድማል። ሁለቱን መስመሮች ቢያገላብጧቸው እያንዳንዱ ደረጃ ከቀኝ ወደ ግራ ይታተማል፤ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ግን እንዳለ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ሲገባዎት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ በየዙሩ ከሥሩ መጀመር ብክነት አይደለም ወይ» የሚል ነው፤ መሆንም አለበት። ነው። ምን ያህል ብክነት እንደሆነ ግን የዛፉ ቅርጽ ይወስነዋል። በእኛ ዛፍ 1ኛው ዙር 1 ጥሪ፣ 2ኛው 3፣ 3ኛው 7፣ 4ኛው 13፣ በድምሩ 24 ጥሪ ነው። የዛፉን ቁመት ለማወቅ የሚደረገው ሌላው ሪከርሽን እያንዳንዱን ኖድና እያንዳንዱን ባዶ ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ስለሚነካ 15 ይጨምራል። 7 ቁጥር ለማተም 39 ጥሪ መሆኑ ነው።

ሁሉም ደረጃው ጥቅጥቅ ብሎ በሞላ ዛፍ ላይ ነገሩ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። 10 ደረጃ ያለው ሙሉ ዛፍ 1023 ኖድ አለው፤ የማተሚያው ጥሪ በጠቅላላው 2036 ነው፣ የኖዶቹ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኖዶች የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስለሆኑ ነው፤ እነሱ የሚነኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጋግመው የሚነኩት ከላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

ዛፉ ወደ አንድ ወገን ብቻ የተንጠለጠለ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እያንዳንዱ ኖድ አንድ ልጅ ብቻ ሲኖረው፣ 1ኛው ዙር 1 ጥሪ፣ 2ኛው 3፣ 3ኛው 5፣ 4ኛው 7 እያለ ይሄዳል። ተከታታይ ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ የብዛታቸውን ካሬ እንደሚሰጡ ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ 1000 ኖድ ያለው እንዲህ ያለ ዛፍ በትክክል 1,000,000 ጥሪ ይጠይቃል። በቅደም ተከተል የተደረደረ ዝርዝር ሚዛኑን ወደማይጠብቅ የፍለጋ ዛፍ (ትንሹ ቁጥር በግራ፣ ትልቁ በቀኝ የሚቀመጥበት ዛፍ) አንድ በአንድ ሲገባ የሚወጣው ቅርጽ ይኸው ነው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ዛፍ ማን ይሠራል» ብለው አይናቁት።

ብክነቱን ከነገርኩዎት በኋላ ለዚህ ዘዴ ጥብቅና መቆም ያስቅ ይሆናል፤ ግን ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ጥልቀቱን በየዙሩ በ1 እየጨመሩ ከመነሻው እንደ አዲስ መውረድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ የታወቀ የፍለጋ ስልት ነው። ሪቻርድ ኮርፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ ቅርንጫፉ በፍጥነት በሚበዛ ዛፍ ላይ የድግግሞሹ ዋጋ ትንሽ መሆኑንና በምላሹ የሚቆጠበው ሜሞሪ እጅግ ብዙ መሆኑን አሳይቷል። እርስዎ ያገኙት ኮድ የዚያ ስልት ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ፣ ያ ስልት የተሠራው ሜሞሪ ውስጥ የማይገባ ግዙፍ ፍለጋን ታሳቢ አድርጎ ሲሆን፣ የእርስዎ ዛፍ ግን ቀድሞውኑ ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚቆጥበው ነገር ያን ያህል አያወላዳም።

አንዳንዶች ቁመትን ለማስላት የሚወጣውን ጉልበት ለማዳን ሌላ መላ ይጠቀማሉ። ፈንክሽኑ ቢያንስ አንድ ኖድ ካተመ «እውነት»፣ ካላተመ «ሐሰት» እንዲመልስ ያደርጉትና ሉፑ «ሐሰት» ሲመጣለት ያቆማል። ቁጠባ ይመስላል፤ አይደለም። ሐሰት የሚመጣው ከመጨረሻው ደረጃ አንድ አልፎ በባዶ ከተዞረ በኋላ ነው፤ ያ ባዶ ዙር በእኛ ዛፍ ላይ 15 ጥሪ ይወስዳል፤ ከቁመት ማስሊያው ጋር እኩል ነው። በሌላ ዛፍም እኩል ነው።

በዚህ መላ ውስጥ የተሸሸገ አደጋ ግን አለ፤ ትንሽ ልቆይበት። የሁለቱን ጥሪዎች ውጤት «ወይም» በሚለው ኦፕሬተር አገናኝተው በአንድ መስመር ቢመልሱ፣ አብዛኞቹ ቋንቋዎች የግራው እውነት ከሆነ ቀኙን ጨርሶ አይጠሩትም፤ መልሱ ስለታወቀ መድከም አያስፈልግም ባዮች ናቸው። ለሎጂክ ስሌት ትክክል ነው፤ ለእኛ ግን ጥሪው ውስጥ ማተም ስላለ ግማሹ ዛፍ ይጠፋል። በእኛ ዛፍ የሚወጣው 50፣ 30፣ 20፣ 35 ብቻ ነው። ከየደረጃው የመጀመሪያው ኖድ ማለት ነው። የሚገርመው፣ «ዛፉ ከግራ በኩል ሲታይ የሚታዩትን ኖዶች አትም» የሚባል የታወቀ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ አለ፤ ይህ ስሕተት ለዚያኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። ለእርስዎ ጥያቄ ግን ስሕተት ነው፤ ሁለቱን ጥሪዎች በሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች ይቀበሉና «ወይም»ን ከዚያ በኋላ ይጠቀሙ።

ወደ አማራጮች እንሂድ። የዚህ ችግር ተፈጥሯዊ መሣሪያ ወረፋ ነው። ሥሩን ወረፋ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ ወረፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ ከፊት ያለውን ያወጣሉ፣ ያትማሉ፣ ልጆቹን ከኋላ ያሰልፋሉ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ የአንድ ደረጃ ኖዶች ሁሉ ከልጆቻቸው በፊት ይወጣሉ። ሪከርሽን ይህን በራሱ ማድረግ የማይችለው ስታክ ላይ ስለሚሠራ ነው። ስታክ ላይ መጨረሻ የገባ ነው ቀድሞ የሚወጣው፤ ስለዚህ አሁን ያገኘውን ልጅ ሳይጨርስ ወደ ወንድሙ አይሄድም። በወረፋ በስፋት የመሄድ ስልት ከኤድዋርድ ሙር እ.ኤ.አ. የ1959 ጽሑፍ ጋር ነው የሚነሣው፤ እሱ ይፈልግ የነበረው በውስብስብ መተላለፊያዎች ውስጥ አጭሩን መውጫ ነበር። ኮንራድ ዙዘ ከዚያ በፊት በ1945 አስቦበት ነበር፤ ጽሑፉ ግን እስከ 1972 ሳይታተም ቆየ።

ወረፋ እያንዳንዱን ኖድ አንድ ጊዜ አስገብቶ አንድ ጊዜ ያወጣል። ዋጋው ሜሞሪ ላይ ነው፤ ከላይ ባነሣሁት 1023 ኖድ ያለው ሙሉ ዛፍ ላይ ወረፋው በአንድ ወቅት 512 ኖድ ይይዛል፣ የማተሚያው ሪከርሽን ግን ከ10 ፍሬም አያልፍም። ወደ አንድ ወገን በተንጠለጠለው ዛፍ ላይ ደግሞ ይገለበጣል፤ ወረፋው ከ1 ኖድ በላይ አይይዝም፣ ስታኩ ግን የዛፉን ቁመት ያህል ያድጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓይተን ላይ ተራ ሊስትን እንደ ወረፋ አድርገው ከፊቱ አያውጡ። ከፊት አንድ በወጣ ቁጥር የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይሸጋሸጋሉ። ለዚህ የተዘጋጀው ከሁለቱም ጫፍ በፍጥነት የሚያስገባና የሚያወጣው ዴክ (deque) የሚባለው ነው።

ሪከርሽን የግድ ከሆነ ደግሞ ከእርስዎ ኮድ የተሻለ አለ። ዛፉን አንድ ጊዜ ብቻ ይውረዱ፤ ሲወርዱ ግን ወዲያው አያትሙ። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሊስት ያዘጋጁና እያንዳንዱን ኖድ በየደረጃው ሊስት ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሲጨርሱ ሊስቶቹን በተራ ያትሙ። እዚህ የደረጃው ቁጥር ከሥሩ በ0 ይጀምርና ወደ ታች ሲወረድ በ1 ይጨምራል፤ እውነተኛ ደረጃ ነው፣ «ቀሪ» አይደለም። አዲስ ሊስት መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ እስካሁን የተከፈቱትን ሊስቶች ብዛት ከደረጃው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ እኩል ከሆኑ ይህ ደረጃ ገና መታየቱ ነው። ልጅ ያለ ወላጅ ስለማይደረስበት ደረጃ ተዘልሎ አያውቅም። በእኛ ዛፍ ቅደም ተከተሉ 50፣ 30፣ 20፣ 40፣ 35፣ 80፣ 90 ሆኖ ይጎበኛል፤ 35 ከ80 ቀድሞ ይደረስበታል፣ ግን ወደ ራሱ ሊስት ስለሚገባ ምንም አይበላሽም። 39 የነበረው ጥሪ 15 ይሆናል፤ የተንጠለጠለው ዛፍ ላይም ካሬው ይጠፋል።

ይህንን ፓይተን ላይ ሲጽፉ ለውጤቱ ሊስት ፓራሜትር ባዶ ሊስትን ነባሪ ዋጋ (ጠሪው ምንም ካልሰጠ የሚወሰድ ዋጋ) አድርገው አይስጡ። ነባሪው የሚፈጠረው ፈንክሽኑ ሲገለጽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ዛፍ ሲሰጡት የመጀመሪያው ዛፍ ቁጥሮች እዚያው ተቀምጠው ይጠብቁዎታል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የአንድ ደረጃ ኖዶችን በሊስት ለፈንክሽኑ ሰጥቶ፣ እነሱን አትሞ፣ ልጆቻቸውን ሰብስቦ ራሱን በአዲሱ ሊስት እንዲጠራ ማድረግ። ይሠራል፣ ያምራልም። ግን የሪከርሽን ልብስ የለበሰ ሉፕ ነው፤ ከጥሪው በኋላ የሚቀረው ሥራ ስለሌለ ስታኩ ላይ የሚከመሩት ፍሬሞች ለምንም አያገለግሉም። ፓይተንም ጃቫም እንዲህ ያለውን ጥሪ ወደ ሉፕ አይቀይሩልዎትም።

ሁሉንም የሪከርሽን መንገዶች የሚያስረው አንድ ገደብ የስታኩ ጣሪያ ነው። ፓይተን ሳይነኩት ከ1000 ጥልቀት ሲያልፍ ያቆማል፤ ጃቫ ስታኩ ሲሞላ በስሕተት ይወጣል። ሚዛናዊ ዛፍ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ሚሊዮን ኖድ 20 ደረጃ ውስጥ ይገባል። የተንጠለጠለ ዛፍ ላይ ግን ያ 1,000,000 ጥሪ ያልኩዎት ገና ሳይጀመር፣ ቁመት ማስሊያው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የፓይተንን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካደረጉት ግን በስሕተት መልእክት ፈንታ ፕሮግራሙ ራሱ ሊወድቅ ይችላል።

ምክሬ ይህ ነው። ለሚሠራበት ፕሮግራም ወረፋ ይጠቀሙ፤ አያመንቱ። ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ «ያለ ወረፋ፣ በሪከርሽን» ካለዎት አንድ ጊዜ የሚወርደውንና በየደረጃው ሊስት የሚሰበስበውን ይጻፉ። አሁን በእጅዎ ያለውን ኮድ ሪከርሽንን ለመረዳት ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለዚያ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ ሲለያይ በዓይን ይታያል።

ለዚህም ስክሪኑን ትተው ወረቀት ይያዙ። ከላይ በተከልነው ዛፍ ላይ 4ኛውን ዙር በእጅዎ ይሥሩት፤ እያንዳንዱን ጥሪ ኖዱንና ቀሪውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርገው በአንድ መስመር ይጻፉ፣ የባዶ ኖዶችን ጥሪ ጭምር። 13 መስመር መውጣት አለበት። 7 ብቻ ካገኙ ባዶዎቹን ሳይቆጥሩ ቀርተዋል። 15 ከሆነብዎት ደግሞ 35ን ካተሙ በኋላ ወደ ልጆቹ ወርደዋል ማለት ነው፤ «ካልሆነ» የሚለውን መስመር ተመልሰው ያንብቡ።